ልጆቹን የትኛው እርሻ እንውሰዳቸው? ቢሾፍቱ፣ ሆለታ፣ ወንጪ ወይስ ዘመድ ቤት

አዲስ አበባ ለሚኖር ቤተሰብ እርሻ ሩቅ አይደለም። በየትኛውም በር ቢወጡ ብዙም ሳይሄዱ ማሳ ይገኛል። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። "እሑድ ልጆቹን እርሻ እናሳያቸው" ሲባል ለአባት የሚታየው የአያቱ ቀዬ ነው። እናት ጥላና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ያለው ግቢ ታስባለች። ልጆቹ ፈረስ ይፈልጋሉ። አያት ደግሞ "ገጠርማ ያደግሁበት ነው፣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ" ይላሉ። ከሄዱ በኋላ ግን ከሁሉም በላይ የሚደሰቱት እሳቸው ናቸው።

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ልጆቻችሁ ትንንሾች ከሆኑና የመጀመሪያችሁ ከሆነ ቢሾፍቱ። ላምና ወተት ለማየት ሆለታ። ከፍ ያሉ ልጆች ካሏችሁና ማደር ከቻላችሁ ወንጪ። ገጠር የሚኖር የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ግን ሁሉንም ትቶ እዚያው ይሂድ። በወቅቱና በልኩ ከሆነ የሚወዳደረው የለም። ዝዋይን ለብቻው አልመክርም።

ስመርጥ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ልጁ በእጁ የሚሠራው ነገር አለ ወይ? ቆሞ ማየት ብቻ ከሆነ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፣ "እንሂድ" ይላል። ሁለተኛ፣ እዚያ የሚኖረው ሰው ከእኛ መምጣት የሚያገኘው ነገር አለ ወይ? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ቀኑ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ግን በሱ ነው። እንግዳ የሚጠቅመው ገበሬ ራሱ ይጠራችኋል፣ በሬውን በስሙ ያስተዋውቃችኋል። የማይጠቅመው ደግሞ ፎቷችሁን አንስታችሁ እስክትሄዱለት ይጠብቃል።

ከቦታው በፊት ወሩ

አንድ ማሳ በሐምሌና በታኅሣሥ ሁለት የተለያየ አገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወሩን ምረጡ።

ክረምቱን ተዉት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ የሚመች ይመስላል። ገበሬው ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው የሚሟጠጠውም በዚሁ ወቅት ነው። የሚያቀርበው ነገር ሲያንሰው የሚሳቀቀው እሱ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። መንገዱም ጭቃ ነው።

መስከረም ለዓይን ያምራል። አደዩ አለ፣ የበቆሎ እሸት አለ፣ ፎቶው ይወጣል። የሚሠራ ነገር ግን ብዙ የለም። ጥቅምት ላይ ደጋው የባቄላና የአተር እሸት ያደርሳል። ዋናው ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጤፍ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ አውድማ ላይ በበሬ ይወቃል። ደቦ የሚታየውም ያኔ ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ የአንዱን ሰው ማሳ በአንድ ቀን ያነሳል። ዘፈኑን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሴቶቹ ጠላና ንፍሮ ያዞራሉ። ነገ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ሰው ማሳ ነው። ይህን በትኬት አታገኙትም። ብዙ ቦታ የመውቂያ ማሽን እየተካው ስለሆነ "መቼ ትወቃላችሁ? በምን?" ብሎ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ጥርና የካቲት ደረቅ ናቸው፣ ለመንገድ ግን ጥሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመስኖ እርሻ ላለበት አካባቢ ብቻ ይሆናል።

የወተት እርሻ ለማየት ካሰባችሁ ጾሙንም አስሉ። በዐቢይ ጾም ወተት ገዢ ያጣል። አርቢው ይንጠዋል፣ ቅቤ ያደርገዋል፣ ገዢ ሲመጣለት እፎይ ይላል። ለፋሲካ ቅቤ ከቤቱ መግዛት ለሁለታችሁም ነው። ልጆቻችሁ የሚጾሙ ከሆነ ግን ላም አልበው ወተቱን ሳይቀምሱ ሊመለሱ ነው። አልቅሰው ያደክሟችኋል።

ቢሾፍቱ፦ ለጀማሪ

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፍጥነት መንገዱ ቶሎ ይደረሳል። እኔ የምመክረው ግን ሲሄዱ በፍጥነት መንገዱ፣ ሲመለሱ በዱከም በኩል ባለው በአሮጌው መንገድ ነው። ታኅሣሥ አካባቢ የሽምብራ እሸት በእቅፍ እየተያዘ የሚሸጠው በአሮጌው መንገድ ዳር ነው። የፍጥነት መንገድ ላይ ቆሞ እሸት የሚገዛ የለም።

ሽምብራው ለልጆች የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ዘሩ የሚገባው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ጥቁሩ ኮትቻ አፈር አምቆ በያዘው እርጥበት ያድጋል። እሸቱን የያዘው ፊኛ የመሰለ ቆብ በጣት ሲጫኑት ጧ ይላል። ውስጡ አንድ ወይ ሁለት ፍሬ ነው። ቅጠሉን የነካ ጣት ሲልሱት ይኮመጥጣል። ልጅ ይህን አንዴ ካወቀ ቅጠሉን ሁሉ መላስ ይጀምራል፣ ስለዚህ ፀረ ተባይ ተረጭቶ እንደሆነ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትልቀቁት።

አካባቢው የአዳ ጤፍ አገር ነው። መርካቶም ሆነ ሌላ እህል በረንዳ "የአዳ ማኛ ነው" ከተባለ ዋጋው ይጨምራል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘውም እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው የተለቀቀው "ቁንጮ" የሚባለው የጤፍ ዝርያ ከዚሁ ማዕከል የወጣ ነው። ልጆቻችሁ የሚበሉት ነጭ እንጀራ ከሱ የተጋገረ ሊሆን ይችላል። አውድማ ላይ አንድ ቁንጥር ጤፍ መዳፋቸው ላይ አድርጉላቸውና ቁጠሩ በሏቸው። አንድ ግራም ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ፍሬ ስላለ ረዘም ያለ ጸጥታ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ምርጫው። ቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው እርሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የድርጅት ነው። እንደ ጄኔሲስ ያሉት አትክልት፣ ወተትና እንቁላል በራሳቸው ሱቅ ስለሚሸጡ በብዙ አዲስ አበቤ ዘንድ ይታወቃሉ። ንጹሕ ናቸው፣ መኪና ማቆሚያ አላቸው፣ ከአራስ ልጅ ጋርም ይኬዳል። ውስጡን መጎብኘት ግን ከሱቁ የተለየ ነገር ነውና ደውላችሁ ጠይቁ። የዶሮ እርባታዎቹን እርሷቸው። በጫማ የሚገባ በሽታ ቤት ሙሉ ዶሮ ስለሚጨርስ እንግዳ አያስገቡም። አትቀየሟቸው።

ሁለተኛው የገበሬው ማሳ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ግራና ቀኝ ነው። በር የለውም፣ ዋጋ አልተለጠፈም፣ ሰው ያስፈልጋል። ቢሾፍቱ የሚኖር የሥራ ባልደረባ ወይም የዕድር ሰው ዘመድ ካላችሁ እሱ ያገናኛችኋል። በነገራችን ላይ አብዛኛው ገበሬ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ልጆቹ "አካም ጂርቱ" (እንዴት ናችሁ) እና "ገለቶማ" (እናመሰግናለን) ብለው ከሄዱ በሩ ቀድሞ ይከፈታል።

የቢሾፍቱ ችግሩ ሐይቆቹ ናቸው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ እያለ ዙሪያው ሪዞርት ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እርሻው አልቆ ቀሪው ቀን መዋኛ ገንዳ ዳር ይሆናል። እሱም መጥፎ አይደለም። ግን ያጠፋችሁት ገንዘብ በሙሉ ሪዞርቱ ጋ ከቀረ፣ ከገበሬው አንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ ሳትገዙ ከተመለሳችሁ፣ እርሻ ሄድን አትበሉ።

ሆለታ፦ ለወተት

በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አለፍ ሲሉ ነው። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል። ሹራብ ያዙ። እዚህ ሪዞርት የለም፣ ሐይቅ የለም። ላም አለ፣ ድንች አለ፣ ንብ አለ። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልና የንብ ምርምሩ እዚሁ ናቸው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆኑ ግን እሑድ ዘው ብሎ መግባት አይታሰብም። ለቤተሰብ የሚሆነው ጥቂት ላሞች ያሏቸው ሰዎች ግቢ ነው።

በሌሊት ተነስታችሁ ማለዳ ድረሱ። ወተት ተቀባዩ ማኅበር በር ላይ ሰው በጄሪካንና በወተት ጣሳ ተሰልፎ ታገኛላችሁ። ተቀባዩ ከያንዳንዱ ጥቂት ወተት ቀድቶ አልኮል ይጨምርበታል። ወተቱ ከቋጠረ ተመላሽ ነው፤ ሊበላሽ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ መለኪያ ይከትበታል። ውሃ የተቀላቀለበት እንደሆነ መለኪያው ጠልቆ ይገባና ያጋልጣል። ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ያያል። ልጆች ይህን ከላሟ እኩል ይወዱታል፤ የሆነ ሰው ሊያዝ ይችላል ብለው ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።

ከዚያ ግቢ ግቡና ሁለቱን ላሞች አወዳድሩ። የሀገር ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን አትለቅም። ጥጃው ይፈታና ጡቷን ይጠባል፤ ግቷ ሲሞላ ተጎትቶ አጠገቧ ይታሰራል። እሷ ጥጃዋን ትልሳለች፣ አላቢዋ በጉልበቷ መካከል ዕቃ ይዛ ታልባለች። በቀን የሚገኘው አንድ ሁለት ሊትር ነው። ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለችዋ በደህና ቀን አሥርና ከዚያም በላይ ትሰጣለች። ጥጃም አትጠይቅም። ግን መኖ ትፈልጋለች፣ ትታመማለች፣ ወጪዋ ብዙ ነው። ለምን ሁሉም ሰው የፈረንጅ ላም አይገዛም የሚለውን ጥያቄ ልጁ ራሱ ያነሳዋል። መልሱን ለባለቤትየዋ ተዉላት። የመኖ ዋጋ ላይ ስትደርስ ቶሎ አታበቃም።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። ትኩስ ወተት ከጡት ተቀብሎ መጠጣት አይቻልም። የሳንባ ነቀርሳና ሌሎችም በሽታዎች ከላም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። "እኛ በዚህ አይደል ያደግነው" የሚሉ አያት ካሉ አክብራችሁ ስሟቸው፣ ወተቱን ግን አፍሉት።

ወንጪ፦ ከማደር ጋር

ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአምቦም በወሊሶም ይገባል። ጠርዙ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐይቁ በፈረስ ይወረዳል። ሐይቁ ውስጥ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ከተያዙት ሦስት ቦታዎችም አንዱ ነው።

እርሻ ብሎ ለመጣ ሰው ግን ዋናው ነገር እንሰቱ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ክትፎ ቤት ቆጮ ይበላል እንጂ ተክሉን አያውቀውም፤ "ሙዝ ነው" ይላል። ፍሬው አይበላም። የሚበላው ከግንዱ የሚፋቀውና ከሥሩ የሚወጣው ነው። ለመድረስ እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ሴቶቹ ግንዱን ጣውላ ላይ አስደግፈው ይፍቁታል። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ይብላላል። ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ልጆቹን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፣ በሰው ቤት አፍንጫ መያዝ ነውር ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በእንሰት እንደሚኖር ንገሯቸው።

ወንጪ ከሌሎቹ የሚለየው ገንዘቡ መንደሩ ውስጥ መቅረቱ ነው። ፈረስ የሚያከራየው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ መንገድ የሚመራው የአካባቢው ሰው ነው። ፈረስ ስትከራዩ ተራውን ጠብቃችሁ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መንገድ ላይ ከአንድ ወጣት ጋር በርካሽ መጨረስ ያጓጓል፤ ተራ ሲጠብቅ የዋለውን ባለፈረስ ግን ያስቀይማል።

ለትንሽ ልጅ አልመክረውም። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ከፍታው ያደክማል፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ግን ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ለአሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ዘመድ ቤት

ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። እዚህ ልጁ ጎብኚ አይደለም፣ የእንትና ልጅ ነው። በደረሰ በአምስት ደቂቃ ውስጥ "አባቱን ነው የሚመስለው" ተብሎ ይሳማል። ጎረቤት አንድ በአንድ ይመጣል። ከሰዓት ሲሆን የአጎቱ ልጆች ከብት ሲያግዱ ይከተላቸዋል፣ ጅራፍ ማጮህ ይሞክራል፣ አይችልም፣ ይስቁበታል። ከተማ ውስጥ ሁሉን የሚያውቀው ልጅ እዚህ ምንም አያውቅም። ይህ ለአንድ ቀን በጣም ጥሩ ነው።

ግን በነጻ አይደለም። ከሁሉም ምርጫዎች ውዱ ይኸኛው ሊሆን ይችላል፤ ከፋዩ ደግሞ ባለቤቱ ነው። "ልጆቹን ይዘን ልንመጣ ነው" ብላችሁ ስትደውሉ እዚያ ማዶ ሒሳቡ ይጀመራል። በግ ይታረዳል ወይስ ዶሮ? ጠላ ይደርሳል? ፍራሽ ከማን ይዋሳሉ? ስለዚህ ስትደውሉ ነገሩን አቅልሉት። "ሽሮ ነው የናፈቀን፣ በግ ካረዳችሁ እንቀየማለን" በሏቸው። እንደማይሰሟችሁ እያወቃችሁም ተናገሩ።

ቡና፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ይዞ መሄድ ያለ ነው። ገንዘብ በእጅ ለአባወራው መስጠት ግን ያሳፍረዋል። ስትነሱ ለእናትየው "ለልጆቹ ደብተር መግዣ" ብሎ ማስጨበጥ ነው፤ እሷም ሁለቴ እንቢ ብላ ሦስተኛው ላይ ትቀበላለች። የሄዳችሁት ከአጨዳ በኋላ ከሆነ ጤፉን፣ ማሩን፣ ቅቤውን በከተማ ዋጋ ግዙ። ዘመድ ነው ብሎ ዋጋ መከራከር ደግ አይደለም።

ችግሩንም ልንገራችሁ። ቁንጫ አለ። ጭስ አለ፣ አስም ያለበት ልጅ ከባድ ይሆንበታል። ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ለአንድ ቀን ያሰባችሁት ጉዞም በአንድ ቀን አያልቅም፤ "እደሩ" የሚለውን ልመና እንቢ ለማለት ጉልበት ይጠይቃል።

ዝዋይና መኪና የሌለው ሰው

ዝዋይ፣ አሁን ባቱ፣ 160 ኪሎ ሜትር ነው። የፍጥነት መንገዱ እስከዚያ ስለደረሰ ጉዞው ቀሏል። ጥቅሙ መስኖ ስለሆነ በበጋም አረንጓዴ መሆኑ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ፓፓያው መንገድ ዳር ይደረደራል። ግን ትላልቆቹ የአበባ እርሻዎች ለመንገደኛ አይከፈቱም። የካስትል ወይን እርሻ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ የተቆፈረለት መሆኑ ለልጅ ጥሩ ወሬ ነው፤ ጉብኝቱ ራሱ ግን የአዋቂ ነው። ወደ ሐዋሳ ስታልፉ ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ዓሣ ሲገፈፍና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሲሻማ አሳዩአቸውና ቀጥሉ።

መኪና ከሌላችሁ ሆለታ በሚኒባስ ይደረሳል፤ ከመናኸሪያው ባጃጅ አለ። ቢሾፍቱም እንደዚሁ። ወንጪ በሕዝብ ትራንስፖርት ከልጅ ጋር መከራ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

የትኛውንም ብትመርጡ ከአንድ ቀን በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፤ ይህን ከሚኖርበት ሰው የበለጠ የሚነግራችሁ የለም። ሳይመሽ ከተማ ለመግባት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሱ። መንገድ ዳር ለሚሮጡ ልጆች ከመስኮት ከረሜላና ብር አትወርውሩ፤ ነገ መኪና ሥር ይገባሉ። የሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ በተለይ አውድማ ላይ ያሉትን። ለልጆቹ ቦቲ ወይም የሚጣል ጫማ አድርጉላቸው፤ ኮትቻ አፈር ረጥቦ ከሆነ ነጭ ስኒከር አይተርፍም። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ ውሻው ይታሰር እንደሆነ ጠይቁ።